ባሕር ያቀዘቀዘው ሸለቆ፦ የሄሜል ኤን አርደ ወይን

ሄሜል ኤን አርደ በደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕታውን በስተደቡብ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው የባሕር ዳርቻ ከተማ ከሄርማነስ ጀርባ የተዘረጋ ሸለቆ ነው። ስሙ በአፍሪካንስ ቋንቋ “ሰማይና ምድር” ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተገልለው የሚኖሩበት ስፍራ ነበር፤ ሕሙማኑ እ.ኤ.አ. በ1846 ወደ ሮበን ደሴት ተዛወሩ። ዛሬ የሸለቆው ስም የሚነሳው ከወይን ጠጁ፣ በተለይም ፒኖ ኗር ከተባለው ቀይና ሻርዶኔ ከተባለው ነጭ ወይን ጋር ነው። ሁለቱም የፈረንሳዩ የቡርጎኝ አካባቢ የወይን ዝርያዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሙቀት ሲበዛባቸው ጠባያቸው ይጠፋል።

ሸለቆው ከምድር ወገብ በስተደቡብ 34 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ በካርታ ብቻ ለሚያየው ሰው ለእነዚህ ዝርያዎች የሚስማማ አይመስልም። ኬፕ በተባለው በዚያው የደቡብ አፍሪካ ክፍል፣ ከባሕሩ ራቅ ብለው ወደ መሀል አገር የሚገኙት የወይን እርሻዎች በበጋ ክፉኛ ይሞቃሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደጋውን ከቆላው የሚለየው ከፍታ ነው፤ እዚህ ግን የደጋውን ሥራ የሚሠራው ባሕር ነው። በሄርማነስ ፊት ለፊት ያለው የአትላንቲክ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ምድሩን ስታሞቀው የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ በእሱ ቦታ ከባሕሩ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር በሸለቆው አፍ ይገባል። ከኋላ ያሉት ተራሮችም ነፋሱንና ደመናውን አግተው ያቆያሉ። ስለዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት ከሰዓት በኋላ የወይን ተክሎቹ በነፋስ ይቀዘቅዛሉ።

ይህ ቅዝቃዜ በፍሬው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ወይን ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ አሲዱ ይቀንሳል። በሞቃት አገር ስኳሩ በፍጥነት ሲከማች አሲዱ ቶሎ ያልቃል፤ መዓዛው ሳይጎለምስም የለቀማው ጊዜ ይደርሳል። ከእንዲህ ያለ ፍሬ የሚጠመቀው ወይን አልኮሉ የበረታ፣ ጣዕሙ ግን የከበደ ይሆናል። ቀዝቀዝ ባለ አየር ፍሬው ቀስ እያለ ስለሚበስል አሲዱን ይዞ ይቆያል፣ ለመዓዛውም ጊዜ ያገኛል። ጠጪው በምላሱ የሚያገኘው አፍ የሚያርስ ጎምዛዛነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ባሕሩ ግን ያለ ዋጋ አይሰጥም። በአበባ ወቅት የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አበባውን ያረግፋል፣ ምርቱንም ይቀንሳል። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ዘለላው ይሻግታል። ፒኖ ኗር ፍሬው ጥቅጥቅ ብሎ በትንንሽ ዘለላ ስለሚያፈራና ልጣጩ ስስ ስለሆነ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ገበሬው አየር እንዲገባ በዘለላው ዙሪያ ያሉትን ቅጠሎች ያሳሳል፤ ፀሐይ ፍሬውን እንዳትለበልበውም ይጠነቀቃል።

ቦታው የወይን አገር የሆነው በአንድ ሰው እልህ ነው። ቲም ሃሚልተን ራስል የማስታወቂያ ሥራ ኃላፊ ነበር፤ ለቡርጎኝ ዝርያዎች የሚስማማ ቀዝቃዛ መሬት ሲያፈላልግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1975 እዚህ መሬት ገዛ። በዚያን ጊዜ ኬ.ደብሊው.ቪ. የተባለው የወይን አምራቾች ማኅበር በሚያስተዳድረው የኮታ ሕግ መሠረት፣ ኮታ በሌለው መሬት ላይ ለወይን ጠጅ የሚሆን ተክል ማልማት አይቻልም ነበር። ሕጉ የድሮዎቹን አካባቢዎች ሲጠቅም አዲስ መሬት የሚፈልገውን ሁሉ ከለከለ። ሃሚልተን ራስል ግን ከሕጉ ጋር እየታገለ ተከለ፤ የመጀመሪያው ወይን እ.ኤ.አ. በ1981 ተጠመቀ። የኮታው ሥርዓት የቀረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

ጥሩ የሻርዶኔ ችግኝ ማግኘትም ሌላ ፈተና ነበር። ከውጭ የሚገባ ችግኝ የሚያልፍበት የእፅዋት ቁጥጥር ሂደት እጅግ የዘገየ ስለነበር አንዳንድ የኬፕ ገበሬዎች ችግኝ በድብቅ አስገቡ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመንግሥት ኮሚሽን ተመረመረ፤ ሻርዶኔ ነው ተብሎ ከተተከለው ውስጥ አንዳንዱ ኦክሰርዋ የተባለ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ይህም ሆኖ ሌሎች ጠማቂዎች ወደ ሸለቆው መጡ። ለሃሚልተን ራስል ይጠምቅ የነበረው ፒተር ፊንሌሰን እ.ኤ.አ. በ1989 በአቅራቢያው ቡሻር ፊንሌሰን የተባለውን የወይን መጥመቂያ መሠረተ፤ ከዚያ በኋላ ኒውተን ጆንሰን፣ ክርዬሽንና ሌሎችም ተከተሉ።

ዛሬ ሄሜል ኤን አርደ ዎከር ቤይ በተባለው የወይን ወረዳ ውስጥ በሕግ የታወቁ ሦስት ቀጣናዎች አሉት። ለባሕሩ ቅርብ የሆነው “ሸለቆው”፣ ቀጥሎ “ላይኛው ሸለቆ”፣ ከሁሉም ራቅና ከፍ ያለው ደግሞ “ሸንተረሩ” ነው። በታችኛው ሸለቆና በሸንተረሩ የሚበዛው ሼል ከሚባለው አለት የወጣ ሸክላማ አፈር ነው። ሸክላው ውኃ ይይዛል፤ ከእሱ የሚገኘው ፒኖ ኗርም አጥንት ያለው፣ አፍን በመጠኑ የሚያደርቅ ይሆናል። በላይኛው ሸለቆ ከግራናይት የተገኘ አፈር ስላለ ወይኑ ለስለስ ይላል፣ የፍሬው መዓዛም ቀድሞ ይመጣል። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ልዩነት፣ ከአንድ ዝርያ፣ ይህን ያህል የተለያየ ጠባይ መገኘቱ የአካባቢው ትልቁ ሀብት ነው።

ለቀማው የሚጀምረው በደቡብ ንፍቀ ክበብ በጋ፣ በየካቲት ገደማ ነው። ፒኖ ኗር በእጅ ተለቅሞ ከልጣጩ ጋር ይብላላል፤ ቀለሙን የሚያገኘው ከልጣጩ ስለሆነና ልጣጩም ስስ በመሆኑ ወይኑ ከሌሎች ቀይ ወይኖች ፈዘዝ ያለ፣ በብርጭቆ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ይሆናል። ከዚያ በኦክ በርሜል ይቆያል። የቼሪና የእንጆሪ ሽታ፣ ከሥሩም የእርጥብ አፈር ጠረን አለው። ሻርዶኔ በአንጻሩ ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ ይጠመቃል፣ ብዙውን ጊዜም በበርሜል ውስጥ። የሎሚና የሸክኒት መዓዛ፣ የለውዝ ጣዕምና የጠራ ጎምዛዛነት ይገኝበታል። ሁለቱም በጥሩ ጠማቂ እጅ ከተሠሩ ዓመታት ይቆያሉ።

ሸለቆው ሶቪኞ ብላን የተባለውን ነጭና ፒኖታዥ የተባለውን ቀይ ወይንም ያመርታል። ፒኖታዥ ፕሮፌሰር አብርሃም ፔሮልድ እ.ኤ.አ. በ1925 ፒኖ ኗርን ሳንሶ ከተባለ ሌላ ዝርያ ጋር አዳቅለው ያገኙት የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ነው። በሞቃት ስፍራ ከባድና ሻካራ የሚሆነው ይህ ወይን እዚህ የፒኖ ኗርን ወገን ያሳያል።

ጥሩ ቀይ ወይን ሁሉ ጥቁርና ከባድ መሆን አለበት ብሎ የሚያምን ሰው የዚህን ሸለቆ ፒኖ ኗር አንድ ጊዜ ቀዝቀዝ አድርጎ፣ ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ ከምግብ ጋር ቢቀምሰው መልካም ነው። ከተጠበሰ ዶሮና ከእንጉዳይ ጋር ይስማማል፤ ሻርዶኔው ደግሞ ለአሣ የተሠራ ነው። የአፍሪካ ምድር የሚሰጠው ወይን በፀሐይ ብርታት ብቻ እንደማይለካ ሄሜል ኤን አርደ በተግባር አስመስክሯል።