የልብ ፓምፕ ለምን መዝገብ ያስፈልገዋል?

ልብ እጅግ ሲደክምና መድኃኒቱም አልበቃ ሲል ሐኪሞች ከግራው የልብ ክፍል ጋር ትንሽ ፓምፕ ይገጥማሉ። ፓምፑ ደሙን ከልብ እየተቀበለ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ ይገፋል፤ ኃይሉን የሚያገኘው ሆድ ላይ በሚወጣ ገመድ፣ ታካሚው ከሚይዘው ባትሪ ነው። ደሙን ያለማቋረጥ ስለሚገፋ የብዙዎቹ ታካሚዎች የእጅ ትርታ በጣት አይገኝም።

ጣጣው ቀላል አይደለም፦ ደም መርጋት፣ መድማት፣ ስትሮክ፣ የገመዱ መውጫ ማመርቀዝ። ይህ ምን ያህል እንደሚያጋጥም አንድ ሆስፒታል ጥቂት ታካሚዎቹን ብቻ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። አሜሪካ ውስጥ ኢንተርማክስ የተባለው መዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ለዚህ ነው። ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማንን ስትሮክ እንደመታው፣ የማን ፓምፕ እንደተቀየረ ከብዙ ሆስፒታሎች ተሰብስቦ ይሰፍርበታል።

ጥቅሙ በ2021 በግልጽ ታየ። ከመዝገቡ መረጃ ጭምር በተደረጉ ንጽጽሮች፣ ሃርትዌር የተባለው ፓምፕ በተገጠመላቸው ሰዎች ላይ ስትሮክና ሞት በዝቶ ተገኘ። አንዳንዱ ፓምፕ ደግሞ ከቆመ በኋላ አልነሳ ይል ነበር። አምራቹ ሜድትሮኒክ በዚያው ዓመት ሰኔ ሽያጩን አቆመ። ቀድሞ የተገጠመላቸው ግን ያለ ምክንያት እንዲያስወጡት አልተመከረም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደጋ አለውና።

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ለሚታከሙ ወገኖቻችን የምንለው፣ ፓምፕ ሲቀርብላችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነና የሆስፒታሉ ውጤት ምን እንደሚመስል ጠይቁ። ገመዱ የሚወጣበት ቦታ ያለ ሐኪም ፈቃድ መርጠብ ስለሌለበት፣ የጉስልን ጉዳይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከዓሊም ጋር ተነጋገሩበት።