አዲስ ዕቃን ለገበያ ስለ ማውጣትና ስለ ዕቅድ ሶፍትዌር፤ በመካነ ሰላም ገበያ ምሳሌነት

አንድ ነጋዴ ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ዕቃ ለማቅረብ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያሳስበው የዕቃው ጥራትና ዋጋ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥሩ ዕቃ በመልካም ዋጋ ተገዝቶ ሳለ ገዢው ገንዘብ በሚይዝበት ወቅት ባለመድረሱ ብቻ ዓመት ሙሉ በመጋዘን ሲቀመጥ ይታያል። የዕቅድ ሶፍትዌር ለነጋዴው የሚሰጠው ዋና ጥቅም ይህን የወቅት ሒሳብ፥ ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ በፊት፥ በግልጽ ማሳየቱ ነው። አሠራሩን ለመረዳት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ በቦረና ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ሰላም፥ አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴን በምሳሌነት መውሰድ ይበቃል።

ስለ ዕቃውና ስለ ገዢው

ፒክስ በሚል ስም የታወቀው ይህ ከረጢት በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለጥራጥሬ ማስቀመጫ ካጠኑት ዘዴ የተገኘ ነው። ከውስጥ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች፥ ከውጭ ደግሞ ሕዝቡ ማዳበሪያ እያለ የሚጠራው ዐይነት ጆንያ አለው። በደንብ የደረቀ እህል ገብቶበት አፉ ጠብቆ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና መብላቱን አቁሞ ይሞታል። መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም፤ ከረጢቱም ካልተበሳ ደጋግሞ ያገለግላል። በኢትዮጵያ ሻያሾኔ የተባለው ድርጅት ሲያከፋፍለው ቆይቷል።

ዕቅዱ የሚጀመረው በገዢው ማንነት ነው። ነጋዴው በኤክሴል ወይም በሌላ የሠንጠረዥ ሶፍትዌር ላይ በየአካባቢው የሚመረተውን እህል፥ የሚቀመጥበትን የጊዜ ርዝመትና የነቀዙን ብርታት በየዐምዱ ይመዘግባል። ጤፍ በነቀዝ እምብዛም ስለማይነካ ጤፍ ብቻ የሚያስቀምጥ ገበሬ ለዚህ ዕቃ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት ጥቂት ነው። ስንዴ፥ ማሽላ፥ በቆሎ፥ ባቄላና ሽምብራ የሚያከማች ግን ጉዳቱን ያውቀዋል። እንደዚሁም ብርዱ በሚበረታበት በለጋምቦ ደጋ ነቀዝ በዝግታ ይራባል፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ሞቃት አገር ግን ፈጥኖ ይበዛል። ስለዚህ የወረዳዎቹን ሕዝብ ቁጥር ደምሮ «ከመቶው ይህን ያህሉ ይገዛል» ብሎ መገመት ነጋዴውን ያሳስታል። የደጋውንና የቆላውን፥ የጤፉንና የማሽላውን ገበያ ለያይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስለ ጊዜው ሒሳብ

ሥራን በጊዜ መሥመር ላይ በዘንግ እየሣሉ ማሳየት በሄንሪ ጋንት ስም የሚጠራ የቆየ ዘዴ ነው። የትኛው ሥራ ቢዘገይ ጠቅላላው እንደሚዘገይ የሚያሰላው ዘዴም በዱፖንት ኩባንያና በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ወጥቷል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትና ፕሮጀክት ሊብሬ የመሳሰሉት ሶፍትዌሮች ሁለቱን አጣምረው ይሠራሉ። ነጋዴው የሥራዎቹን ዝርዝር፥ እያንዳንዱ የሚፈጀውን ቀንና የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ሲሞላ ሶፍትዌሩ ቀኖቹን ራሱ ያወጣል፤ ከመጨረሻው ቀን ተነሥቶም ወደ ኋላ መቁጠር ይችላል።

ገበሬው እህሉን ሰብስቦ የሚያስቀምጠው፥ ከፊሉንም ሸጦ ገንዘብ የሚይዘው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ኅዳር 1 ቀን በየሱቁ መገኘት አለበት እንበል። ነገር ግን ገበሬ ያላየውን አይገዛም። በምዕራብ አፍሪካ ይህ ከረጢት የተስፋፋው አንድ ዐይነት እህል በአዲሱና በተለመደው ጆንያ ጎን ለጎን ተቀምጦ ከወራት በኋላ በሕዝብ ፊት እየተከፈተ ነው። እንዲህ ያለው ማሳያ በመካነ ሰላም የካቲት 1 ቀን ቢጀመርና 6 ወር ማለት 180 ቀን ቢቆይ የሚከፈተው ነሐሴ 1 ቀን ይሆናል። ከዚያ እስከ ኅዳር 1 ጳጉሜን ጨምሮ 95 ቀን አለ። የገዢዎችን ትእዛዝ ለመመዝገብ 20፥ ከአከፋፋዩ ጋር ተዋውሎ ለመክፈል 15፥ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ለማጓጓዝ 10፥ ወደ ወግዲ፥ ከለላና አጅባር ሱቆች ለማዳረስ 15፥ በድምሩ 60 ቀን ቢያስፈልግ 35 ቀን ትርፍ ጊዜ ይቀራል።

ነገር ግን ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ የሚገባበት ነው። የመክፈቻው ቀን ወደ ነሐሴ 20 ቢዛወር ትርፉ ጊዜ ወዲያውኑ ወደ 16 ቀን ይወርዳል። ክረምቱ መንገድ ቢያበላሽ፥ ወይም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ እንደታየው በግጭት ምክንያት መኪና ቢቆም፥ መሸፈኛ የሚሆነው ይኸው ትርፍ ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል በዕቅዱ ላይ «ትርፍ» ተብሎ የታየውን ቀን አስቀድሞ ለሌላ ሥራ መመደብ አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሶፍትዌሩን የቀን መቁጠሪያ ማስተካከል ያሻል። ብዙዎቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቈጣጠር፥ የሥራ ቀን የሚሉትም ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ነው። ነጋዴው ሳያስተካክል «180 ቀን» ብሎ ቢሞላ ሶፍትዌሩ 36 ሳምንት፥ ማለት 252 ቀን አድርጎ ይወስደዋል፤ ነሐሴ 1 ሊከፈት የሚገባው ማሳያ ወደ ጥቅምት ይሻገርና ዕቅዱ ሁሉ ይፈርሳል። እህሉ በጆንያ ውስጥ ቅዳሜና እሑድም ስለሚቀመጥ ለዚህ ሥራ ሰባቱም ቀን መቆጠር አለበት። የገበያ ቀኖችን፥ አጽዋማትንና በዓላትንም ነጋዴው ራሱ ማስገባት ይኖርበታል፤ በተለይ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም የአምናውን ዕቅድ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ስለ ገንዘቡ

ለምሳሌ ያህል አንዱ ከረጢት በ120 ብር ተገዝቶ፥ 10 ብር ለማጓጓዣ ወጥቶበት፥ በ150 ብር ይሸጥ ቢባል 20 ብር ይተርፋል። ለማሳያው 6,000 ብር የወጣ እንደሆነ ይህን ብቻ ለመመለስ 300 ከረጢት መሸጥ አለበት። የመግዣው ዋጋ ወደ 130 ብር ከፍ ሲል ግን ትርፉ 10 ብር ይሆንና 600 መሸጥ ግድ ይሆናል፤ በመግዣው ላይ የተጨመረው 10 ብር የሚፈለገውን ሽያጭ እጥፍ አደረገው። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ይህ ሩቅ ግምት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። እንግዲህ የመግዣ ዋጋ በሠንጠረዡ ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ሌላው ስሌት ሁሉ ከእርሱ እንዲነሣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ሲለወጥ ውጤቱ በሙሉ አብሮ ይለወጣል።

ከዚህም ጋር ዕቅዱ ማቆሚያ ሊኖረው ይገባል። በመክፈቻው ቀንና በተከታዮቹ 20 ቀናት የተመዘገበው ትእዛዝ ከ300 በታች ከሆነ ነጋዴው ብዙ አያዝዝም ተብሎ አስቀድሞ ይጻፍ። ከጥር በኋላ ያልተሸጠ ከረጢት የሚጠብቀው ቀጣዩን አዝመራ ስለሆነ፥ ዕቃው በዱቤ የተወሰደ ከሆነ ዕዳው ከዕቃው ቀድሞ ይደርሳል።

በትንሹ ጀምሮ ማስፋት የትልልቅ ኩባንያዎችም ልማድ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በሙከራ ከጀመረ በኋላ ከተማ በከተማ እየጨመረ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ ከፍቷል። የመካነ ሰላሙም ነጋዴ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የቆላ ገበያ ቢወሰን የሚያጣው ጥቂት፥ የሚማረው ብዙ ነው።

ሶፍትዌሩ የሞሉለትን ያሰላል እንጂ ነቀዙ በየትኛው ቀበሌ እንደሚበረታ፥ የትኛው ባለሱቅ በገበሬው እንደሚታመን አያውቅም። ይህ የሚገኘው ከእህል ነጋዴዎች፥ ከደላሎችና ከግብርና ባለሙያዎች ተጠይቆ ነው። ኮምፒዩተር የሌለውም ባለሱቅ ያንኑ ሠንጠረዥ በመዝገብ ላይ አስምሮ ከኅዳር 1 ወደ ኋላ ቢቆጥር ማሳያውን በየካቲት መጀመር እንዳለበት ይረዳል፤ የካቲት ካለፈበትም የዘንድሮውን ግዢ አቆይቶ ለከርሞ መዘጋጀት ይሻለዋል።