ክብደት ስታነሱ የወገብ ቀበቶ፦ ማን ይታጠቅ? ማንስ ይጠንቀቅ?

"ዶክተር፣ ጂም ውስጥ ክብደት ሳነሳ ወገቤን ያመኛል፣ ቀበቶ ልግዛ?" የሚል ጥያቄ በኢንቦክስ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አጭሩ መልሴ፦ ለሕመሙ ብላችሁ አትግዙ።

ቀበቶው ወገባችሁን ተሸክሞ አይዝላችሁም። በረጅሙ አየር ስባችሁ ሆዳችሁን ስትወጥሩ የሚደገፍበት ነገር ይሰጠዋል። በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር አከርካሪያችሁ ይረጋጋል። ሆዳችሁን ካልወጠራችሁት ግን ቀበቶው ጌጥ ነው።

👉 መቼ ይጠቅማል?
ስኳትና ዴድሊፍት ላይ ከባድ ኪሎ ስታነሱ። ለቀላል ኪሎና ለትሬድሚል አያስፈልግም። በእረፍት ሰዓት ፍቱት። መጀመሪያ ግን አነሳሳችሁን አስተካክሉ።

👉 ማን ይጠንቀቅ?
የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ቡአ ያለባችሁ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ሐኪም አማክሩ። ትንፋሽ ይዞ መግፋት የደም ግፊትን ለአፍታ በጣም ከፍ ያደርጋል። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ወጣት ነኝ ብላችሁ ሳትለኩ አትጀምሩ።

👉 መቼ ልታከም?
ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግራችሁን ካደነዘዛችሁ ማንሳቱን አቁማችሁ ታዩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት አልወጣ ካላችሁ ወይም በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዛችሁ ነገ አትበሉ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የዘገየ ሕክምና ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል።

ጂም ለሚሠራ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!