ቤንዚንና ዘይት በአንድ ጠርሙስ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲኬድ፣ ጫጫ ሊደረስ ሲል ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የገበሬው ጥሪት ሆኗል፤ አጠናው ይሸጣል፣ ቅርንጫፉ ይነድዳል። ለቀጭኑ መጥረቢያ ይበቃል። ግንዱ የወፈረ እንደሆነ ግን የሞተር መጋዙ፣ ቼንሶ፣ ይጠራል።

የቼንሶ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ በእጅ የሚያዘው የሣር ማጨጃም በአብዛኛው እንዲሁ። ቫልቭ የለውም። ፒስተኑ ራሱ ሲወጣ ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከሥሩ ያለው የኮሎ ቤት ደግሞ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ስቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። የወናፉን ብልሃት እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ እ.ኤ.አ. በ1891 በስሙ አስመዘገበው። የሞተሩ ሥሪት እንዲህ ቀላል ቢሆንም፣ የጀርመኑ ኩባንያ ሽቲል በ1929 ያወጣው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ስለነበር ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። በ1959 የወጣው የዚሁ ኩባንያ መጋዝ ኮንትራ 12 ኪሎ ገደማ ብቻ ሆነ። መጋዙ ተገልብጦም እንዲሠራ ያስቻለው፣ ቤንዚኑን በተንሳፋፊ ኳስ ፈንታ በስስ ሽፋን የሚቆጣጠረው ካርቡራቶር ነው።

የቅለቱ ዋጋ ዘይት ላይ ይከፈላል። ሞተሩ የራሱ የዘይት ቋት ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ለብዙዎቹ አዳዲስ መጋዞች መጠኑ 50 ለ1 ነው። ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ለግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ 10። ይህችን ጠብታ በዓይን ግምት የሚቀዳ ሰው ሲያሳንሳት ፒስተኑን ያስነክሳል፤ ሲያበዛት ደግሞ ጭስ ይታጠናል።

ደጋው ሌላ ጣጣ አለው። ጫጫ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መጋዙም ግንዱ መሐል ጉልበት ይከዳዋል። መድኃኒቱ የቤንዚን መመጠኛዋን ብሎን በካቻቪቴ ትንሽ ማጥበቅ ነው። የሚረሳው መልሶ ማላላቱ ነው። ያንኑ መጋዝ ይዞ በጣርማ በር ወደ ቆላማዋ ሸዋ ሮቢት ለወረደ ሰው አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ ደስ በሚል ድምፅ እየጮኸ ፒስተኑን ያቀልጣል።

ዓለምን ያስመረረው ግን ጭሱ ነው። ማስገቢያውና ማስወጫው ባንድ ጊዜ ስለሚከፈቱ፣ በድሮው ንድፍ ሩብ ያህሉ ድብልቅ ሳይነድድ በማርሚታ ያመልጣል። አዳዲሶቹ ከድብልቁ በፊት ንጹሕ አየር እያስገቡ ብክነቱን ይቀንሳሉ። ካሊፎርኒያ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ አዳዲስ ትናንሽ ሞተሮች ላይ በሯን እየዘጋች ነው። የባትሪ መጋዝ አየር ሳሳ ወፈረ አይልም፤ ጫጫም ሸዋ ሮቢትም ለሱ አንድ ናቸው። መብራት ከሌለበት ገደል ሥር ለሚቆርጥ ሰው ግን ባለ አምስት ሊትሯ ጀሪካን ገና ትቀለዋለች።