ጅግጅጋ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የሳይንስ መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል። ጅግጅጋ ውስጥ ግን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቴርሞሜትር ብናስገባ 95 አካባቢ ሲደርስ ውሃው ይንተከተካል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የጻፈው ስለ ባሕር ጠለል ነው። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል ወደ 1,600 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል።

ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። ለማሳየት ግን መለኪያ ያስፈልጋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቤተ ሙከራ የላቸውም። ለማስተማር ልምምድ የሚመጣ እጩ መምህር ስልክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ስልክ ምን ይለካል?

አንዳንድ ስማርት ስልኮች የአየር ግፊት ይለካሉ። በባሕር ጠለል 1,013 ሄክቶፓስካል ገደማ የሆነው ግፊት ጅግጅጋ ላይ ወደ 840 ይወርዳል። የካራማራን ተራራ ሲወጡ ቁጥሩ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ድሬዳዋ አጠገብ ወዳለችው ሽንሌ ሲወርዱ ደግሞ ይጨምራል። ርካሽ ስልኮች ይህ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ባይኖራቸውም እንቅስቃሴን፣ ድምፅንና ምስልን ይመዘግባሉ። በጀርመን አኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፊፎክስ የተባለ ነፃ መተግበሪያ እነዚህን ወደ መለኪያነት ይቀይራቸዋል፤ አንዴ ከተጫነ ለመለካት ኔትወርክ አያስፈልገውም።

ተራ የቁልፍ ስልክም ሰዓት አለው። በአንድ ሜትር ክር ጫፍ ድንጋይ አስረን ብናወዛውዝ አሥር ምልልስ 20 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ክሩ ወደ 25 ሳንቲሜትር ሲያጥር ጊዜው 10 ሰከንድ ይሆናል። ርዝመቱ ሩብ ሲሆን ጊዜው ለምን ግማሽ ብቻ ሆነ? ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከፕላዝማው ምን እንማራለን?

በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ያልገባው ተማሪ «ይደገምልኝ» ቢል ስርጭቱ አይጠብቀውም ነበር፤ መብራት ከጠፋም ትምህርቱ ያመልጠው ነበር። ስልክም ቪዲዮ ለማሳየት ብቻ ከዋለ ትንሽ ፕላዝማ ከመሆን አያልፍም። ጥቅሙ የሚታየው ተማሪው ራሱ ሲለካበት ነው።

እጩ መምህሩ ምን ያዘጋጅ?

በጅግጅጋው የዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ በሌላ ኮሌጅ የሚሠለጥን እጩ፣ ለማስተማር ልምምድ ከመውጣቱ በፊት መተግበሪያውን ይጫን፣ ሙከራውንም ራሱ ይሞክረው። ልጆቹ የሚማሩት በሶማሊኛ ከሆነ ቃላቱን አስቀድሞ በሶማሊኛ ያዘጋጅ። ክፍል ሲገባ ጥሪ እንዳያቋርጠው ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ ያድርግ። ከመለካታቸው በፊት እያንዳንዱ ቡድን ግምቱን ይጻፍ፤ ውጤቱም በሰሌዳው ላይ ከግምቱ ጎን ይቀመጥ። የፈላ ውሃውን ግን መምህሩ ብቻ ይያዝ።

ልምምዱ ሲያበቃ እጩው ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ክሩና ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራሉ፤ ልጆቹም ሰዓት እስካገኙ ድረስ በማንኛውም ጊዜ ሙከራውን ራሳቸው ሊደግሙት ይችላሉ። ስለዚህ ሙከራ ሲመርጥ ስልኩ ከሄደ በኋላም የሚቀጥለውን ያስቀድም።