«ሦስት ሰዓት» ማለት ስንት ሰዓት ነው? ፍራንክፈርት ላይ ክላስና ሥራን በአንድ ካላንደር መያዝ

ፍራንክፈርት ውስጥ እየሠራ የሚማር ሐበሻ ስልኩን ሲከፍት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዓት ያገኛል። አንዱ የዩኒቨርሲቲው የክላስ ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው አሠሪው የሚልክለት የፈረቃ ዝርዝር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከጓደኛ ጋር በአማርኛ የሚቀጣጠርበት ቴሌግራም ነው። ሦስቱም ሰዓትን የሚጽፉት በየራሳቸው መንገድ ነው። ከእነዚህ ጀርባ ግን ማንም አፕ የማያሳየው አራተኛ ቆጠራ አለ፤ ሕጉ የሚቆጥረው። ከሦስቱ አንዱ ቢዛባ አንድ ክላስ ወይም አንድ ፈረቃ ያመልጣል፤ አራተኛው ሲዛባ ግን የመኖሪያ ፈቃድ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀርመን ውስጥ በአንድ ዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ይችላል። ቁጥሩ ቀድሞ 120 እና 240 ነበር፤ ከፍ ያለው ከማርች 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ግማሽ ቀን የሚባለው እስከ 4 ሰዓት የሚደርስ ሥራ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ከሠራችሁ ሙሉ ቀን ተቆጠረባችሁ ማለት ነው፤ ስምንት ሰዓት ከሠራ ሰው እኩል። ፈረቃ ስትመርጡ ይህችን መስመር አስቧት።

አዲሱ ሕግ ሌላም መንገድ ከፍቷል። ትምህርት ባለበት ሳምንት በጠቅላላ ከ20 ሰዓት ካልበለጣችሁ፣ ሰዓቱ በስንት ቀን ቢከፋፈል ሳምንቱ እንደ ሁለት ቀን ተኩል ሊቆጠር ይችላል። ለተማሪው የሚሻለው አቆጣጠር ነው የሚያዘው። ለምሳሌ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አምስት አምስት ሰዓት የሚሠራ ሰው በቀን ቢቆጠር 4 ቀን ይወጣበታል፤ በሳምንት ቢቆጠር ግን 2.5 ብቻ። ቅዳሜና እሑድ ስምንት ስምንት ሰዓት የሚሠራው ደግሞ በቀን ቢቆጠርለት ይሻለዋል፤ 2 ብቻ ነውና። ኮድ ለምትጽፉ ይህ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት ሁለቱንም አስልታችሁ ትንሹን ወስዳችሁ ትደምራላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ የተማሪ ረዳትነት ከዚህ ሂሳብ ውጭ ስለሆነ ለብቻው ምልክት ይደረግበት።

ሰው ለምን ወደ ድንበሩ ይጠጋል? ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሂሳብ የሚጠየቀው ገንዘብ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል፤ በወር 992 ማለት ነው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 13.90 ዩሮ ነው፤ በሳምንት 20 ሰዓት የሠራ 278 ዩሮ ያገኛል። የፍራንክፈርት የቤት ኪራይ ደግሞ ለተማሪ አያዝንም። «አንድ ፈረቃ ጨምርልኝ» የሚል የአለቃ መልእክት የሚፈትነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። 20 ሰዓት የሚል ቁጥር በሁለት የተለያዩ ሕጎች ውስጥ ይገኛል። አንዱ ከላይ ያየነው የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ ነው። ሌላው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ነው፤ «ቬርክሽቱደንት» የሚባለው ተማሪ ሠራተኛ አነስተኛ መዋጮ እንዲከፍል የሚፈቅደው። የዋስትናው ሕግ ትርፉ ሰዓት በማታ፣ በሌሊት ወይም በሰንበት ከሆነ ለተወሰኑ ሳምንታት ከ20 በላይ ያልፋል። ይህ ልዩነት ግን ለመኖሪያ ፈቃዱ አይሠራም። ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባችሁ «ምንም አይደለም፣ ቅዳሜ ነው» ሲላችሁ ልክ ነው፤ ለእሱ።

ለዴቨሎፐሮች አንድ ነገር ልጨምር። 140ው ቀን ስለ ቅጥር ሥራ ብቻ ነው የሚናገረው። በግል ውል ዌብሳይት ሠርቶ ደረሰኝ መቁረጥ ራሱን የቻለ የግል ሥራ ስለሆነ ከውጭ ዜጎች ቢሮ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አንዲት ትንሽ ፕሮጀክት ብትሆንም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ለእኛ ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ነው። የጎተ ዩኒቨርሲቲ ሰንጠረዥ «10–12» ካለ ክላሱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው 10:15 ላይ ነው፤ የሚያልቀውም 11:45። አካዳሚያዊ ሩብ ሰዓት ይሉታል። «ሲኔ ቴምፖሬ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ልክ በሰዓቱ ነው፤ ፈተና ላይ ይህን ልዩነት አለማየት ዋጋ ያስከፍላል። አለቃው በጀርመንኛ «ሃልፕ ኖይን» ሲል፣ ቃሉ በቀጥታ ግማሽ ዘጠኝ ነው፤ ትርጉሙ 8:30። እኛ ይህንኑ ሰዓት ሁለት ተኩል እንላለን። አንድ ቅጽበት በስምንት፣ በዘጠኝም፣ በሁለትም ይጠራል።

መፍትሔው በስልኩ የሰዓት ሰቅ መጫወት አይደለም። ሰዓቱ በሐበሻ እንዲነበብ ብላችሁ ስልኩን በሌላ አገር ሰቅ ላይ ብታደርጉት ማስታወሻዎቹ ሁሉ ይፋለሳሉ። ሁሉም ነገር በአንድ ሰቅ ይቀመጥ፤ ፍራንክፈርት የሚገኘው «አውሮፓ/በርሊን» በሚለው ስም ነው። የሐበሻው ሰዓት ለማሳየት ብቻ ይሁን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉ፣ ቀሪውን ውሰዱ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ነው። 9 ሲደመር 6 አሥራ አምስት፤ ቀሪው 3።

ቀኑን በተመለከተ የዩኒኮዱ የቋንቋዎች መረጃ ክምችት የኢትዮጵያን ካላንደር ስለሚያውቅ ጃቫስክሪፕት ኦክቶበር 15 ቀን 2026ን ጥቅምት 5 ቀን 2019 ብሎ ይሰጣችኋል። ሰዓቱን ግን አይለውጥላችሁም፤ ያንን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።

በጣም የሚፈትነው ኦክቶበር መጨረሻ ነው። የክረምቱ ሴሚስተር ክላስ በወሩ አጋማሽ ተጀምሮ ገና ሳይለመድ፣ በመጨረሻው እሑድ ሌሊት ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በ2026 ኦክቶበር 25 ነው። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ያድጋል። ለአማርኛ ኪቦርድ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ቡድን በአዲስ አበባ 11 ሰዓት ላይ ይሰበሰባል እንበል። እስከዚያ ሳምንት ፍራንክፈርት ላይ 16:00 ነበር፤ ከክላስ መልስ ይደረሳል። በሚቀጥለው ሳምንት 15:00 ይሆንና ከ14–16ቱ ክላስ ጋር ይጋጫል። በዚያው ሌሊት ሆቴል ውስጥ ከ22:00 እስከ 6:00 የሠራ ሰው ደግሞ የሠራው 8 ሳይሆን 9 ሰዓት ነው። ሰቁን ሳያይ ዝም ብሎ የሚቀንስ ኮድ ይህችን አንድ ሰዓት ይውጣታል፤ 20 ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ አንድ ሰዓት ትንሽ አይደለችም።

ቋንቋውም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል። አየር ማረፊያው አካባቢ ከንጋቱ በፊት የሚገባ ፈረቃ አለ፤ ረቡዕ 4:00 እንበል። አፑ «ረቡዕ ሌሊት 10 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ አንዱ የማክሰኞ ሌሊት ነው ይላል፣ ሌላው የሐሙስ መዳረሻ። አማርኛ ለዚህ የታወቀ ቃል አለው፤ «ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት»። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ላለው ጊዜ «አጥቢያ» የሚል ቅርጽ በኮዱ ውስጥ መጨመር ሁለት መስመር ነው። «ጠዋት» የሚለውን ግን በፀሐይ አትለኩት። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፤ ፍራንክፈርት ላይ ግን በዲሴምበር የምትወጣው ከ8:20 አካባቢ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ የአጥቢያው ፈረቃ ከተጀመረ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ።