ተንቀሳቃሽ ዒላማን በምስል መከተልና የመለየት ወሰን

በአዳማ ጎዳና ላይ የሚጓዝን አንድ ባጃጅ ከሰማይ የሚመለከት ካሜራ ሁለት ተግባራት ይጠብቁታል። አንደኛው መከተል ነው፤ ይኸውም በአንዱ ምስል የታየው ነገር በቀጣዩ የት እንደደረሰ ማግኘት ነው። ሁለተኛው መለየት ነው፤ የታየው ምን እንደሆነና ማንን እንደያዘ ማወቅ ነው። የጦር መሣሪያን በምስል የመምራት ጥያቄ የሚወሳሰበው የመጀመሪያው ሲሳካ ሁለተኛውም እንደተሳካ ሲቆጠር ነው።

መከተል በአመዛኙ የስሌት ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ የባጃጁን ምስል እንደ አብነት ይይዝና በእያንዳንዱ አዲስ ምስል ውስጥ ከአብነቱ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለውን ስፍራ ይፈልጋል። ባጃጁ ከሲኖትራክ ጀርባ ሲሰወር፣ ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረበው የማጣሪያ ስሌት ከቀደመ ፍጥነቱና አቅጣጫው ተነሥቶ የሚወጣበትን ቦታ ይተነብያል። በዚያው ቅጽበት ተመሳሳይ ባጃጅ በአጠገቡ ካለፈ ግን ሥርዓቱ ሳይታወቅ ወደዚያኛው ሊዛወር ይችላል።

መለየት በዚህ ስሌት አይፈታም። ሥርዓቱ ከናሙና ምስሎች የሚማረው ቅርጽንና ቀለምን ነው፤ «ባጃጅ» ብሎ በትክክል ቢሰይም እንኳ ተሳፋሪው ታጣቂ ይሁን ገበያተኛ አይናገርም። የሚሰጠው የእርግጠኝነት መጠንም ምስሉ ከናሙናዎቹ ጋር ያለውን ቅርበት እንጂ የሰውን ሲቪልነት አይለካም።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና መምሪያ ከአዳማ ብዙም በማትርቀው ቢሾፍቱ የሚገኝ በመሆኑ፣ ጥያቄው ለአካባቢው ተመራማሪ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በትግራይ፣ ደደቢት፣ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ላይ በተፈጸመ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች የመረመራቸው ስብርባሪዎች ማም-ኤል የተባለው፣ በሌዘር የሚመራ የቱርክ ቦምብ መሆናቸው ተገልጿል። እንዲህ ያለው ቦምብ የሌዘር ጨረር ያረፈበትን ነጥብ ተከትሎ ይወርዳል፤ ነጥቡን የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ትምህርት ቤት ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለሆነም በደደቢት የሚጠየቀው ቦምቡ ዒላማውን መከተል መቻሉ ሳይሆን፣ በዒላማው ውስጥ ማን እንዳለ ከመተኮሱ በፊት መለየቱ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለቻቸው የ1977 የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ሲቪሎችን የጥቃት ዒላማ ማድረግን ይከለክላሉ። በመሆኑም በዘርፉ የሚሠራ ጥናት የመከተልን ትክክለኛነትና የመለየትን ስሕተት ለየብቻ ለክቶ ማቅረብ ይገባዋል። ሁለቱ በአንድ አኃዝ ሲጠቃለሉ፣ የሰው ሕይወት የሚያስከፍለው ስሕተት በሌላው ስኬት ይሸፈናል።